ፀሐይን የምትፈራው ሰዓዳ

ካሳሁን ደውሎ «ሰዓዳ አረፈች» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ፀሐይ አገኛት?» ነው ያልኩት።

ካሳሁን ድሮ ቆቦ ግብርና ጽሕፈት ቤት አብረን ስንሠራ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበር፤ ነገር አያካብድም። «ኩላሊቷ ነው አሉ» አለኝ። «ደሴ ተኝታ ነበር። ትናንት ጎብዬ አምጥተው ከአባቷ አጠገብ ቀበሯት።»

ስልኩን ስዘጋ ቀትር ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ተነሥቼ መጋረጃውን ሳብኩት። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። የማንን ፊት እንደምከልል እኔም አላወቅሁም።

ሰዓዳን ያወቅኋት በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣሁ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ቆቦ ተመደብኩ። የደላንታ ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ ሙቀት አላውቅም። ኮሌጅ ሳለሁ ግንባሬ ላይ የጀመረኝ ብጉር የቆቦን ሙቀት ሲያገኝ ወደ ጉንጬና ወደ አገጬ ወረደ። ሰው ሲያነጋግረኝ መሬት መሬት ማየት ለመድኩ።

እሷ ደግሞ እዚያው ጽሕፈት ቤት የቀደመችኝ የልማት ሠራተኛ፣ የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ነበረች፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ የጎብዬ ልጅ። በዚያ ሙቀት እጅጌዋ እስከ አንጓዋ ነው። ከሻርፗ በላይ የሰሌን ባርኔጣ ትደፋለች፣ ከባርኔጣው በላይ ጃንጥላ ትዘረጋለች። ፊቷ ላይ ሁልጊዜ ነጣ ያለ ቅባት አለ፤ ከወፍጮ ቤት የወጣች ትመስላለች። ገበሬዎቹ «ወይዘሮ ዱቄት» ይሏታል። ስትሰማ ትስቃለች፤ ጃንጥላዋን ግን አታጥፍም።

መጀመሪያ ስንተዋወቅ ስሜን ከመጠየቋ በፊት «ፊትሽን ምንድነው የምትቀቢው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ምንም» አልኳት።

«ምንም እንዲህ አይሸትም» አለችና ወደ አገጬ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ። «ሽቶ ያለው ነገር ለተቆጣ ቆዳ ጠላት ነው። ከገበያ ነው የገዛሽው?»

ከቆቦ ገበያ ነበር የገዛሁት። ጽሑፍ በሌለው ትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ፊት ያጠራል የተባለ ቅባት። እውነትም አጥርቶኝ ነበር። በጥቂት ሳምንት ብጉሩ ከሰመ፣ ፊቴ ለሰለሰ፣ ቀላሁ። የቤት አከራዬ እትዬ አልጋነሽ «የእኔ ልጅ፣ ቆቦ ተስማማሽ!» ትለኝ ነበር። ይህንን ሁሉ ለሰዓዳ ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች።

«ያጠራሽ መስሎሽ ነው እንጂ እየላጠሽ ነው። ጣሪያ በሌለው ቤት ፀሐይ ሲገባ ያኔ ታይዋለሽ።»

ቅናት መሰለኝ።

ያየሁት ዋጃ አካባቢ ማሽላ ውስጥ አቀንጭራ የሚሉትን አረም ስንነቅል በዋልንበት ቀን ነው። ማታ ፊቴ ጋለ። ጠዋት ስነሣ አንድ ዓይኔ አልከፈት አለኝ። ጉንጬ አብጦ ውሃ ቋጥሯል፤ ስነካው እንደ እሳት ያቃጥላል። መስተዋቱን ገልብጬ አልጋው ላይ ጣልኩት። እትዬ አልጋነሽ አይተውኝ «ወይኔ ልጄን! ምች ነው፣ ምች ነው የመታሽ» ብለው ዳማከሴ ሊቀጥፉ ሮጡ። እኔ ግን ምች አልመሰለኝም። ልጅ ሳለሁ አገራችን ገበያ ዳር ደዌ የበላውን ፊታቸውን ተከናንበው የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። በልቤ እነሱን አየሁ። እንግዲህ እኔም እንደዚያ ልቀር ነው፣ እናቴ ፊቴን ስታየው ምን ትላለች እያልኩ ዋልኩ።

ከሥራ ስቀር ሰዓዳ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እንደ ሌላው ሰው «አይዞሽ» አላለችም። ፊቷ ላይ ያለው ነጭ ቅባት ሁሉ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ የደነገጠ ሰው ብቅ ያለ መሰለኝ። ቀርባ አገጬን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

«መገጣጠሚያሽን ያምሻል? ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ ይደርቃሉ?»

«አይ።»

«ጸጉርሽ ይረግፋል?»

«ኧረ አይረግፍም።»

«አፍሽ ውስጥ ቁስል ወጥቶ ያውቃል? ምላስሽን አውጪ።»

አወጣሁላት። አየችና በርጩማው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ወዲያው ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። የታመምኩት እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ። ፍርሃቴ እጥፍ ሆነ። የጠየቀችኝ ጥያቄ ሁሉ ስም የሌለው በሽታ ሆኖ አልጋዬ ዙሪያ ቆመ።

«ሰዓዳ፣ ምን ሆኜ ነው?»

«አብሽሪ። ደሴ እንሄዳለን።»

በማግስቱ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ በማለዳው ሚኒባስ ወጣን። የቆዳ ሐኪሙ ብልቃጡን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ከደነው። ኃይለኛ መድኃኒት ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል፣ ቆዳሽን አቅጥኖታል፣ ፀሐዩ ሲያገኘው ተቃጠለ አለ። የሚቀባና የሚዋጥ ጻፈልኝ። ቀስ ብሎ ይድናል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ የፀሐይ መከላከያ ሳትቀቢ መስክ እንዳትወጪ፣ ብጉሩም እንዳይነሣብሽ የምትመርጪውን እወቂ ብሎ ሰደደን።

መድኃኒት ቤት ስንገባ የምትመርጠው ሰዓዳ ሆነች። ሰው ለሰርግ ቀለበት ሲመርጥ እንኳ እንደዚያ አይጨነቅም። ሻጩ ወጣት ነበር፤ መጀመሪያ ከመስተዋት መደርደሪያው አንድ ቱቦ አንሥቶ ሰጣት። ቱቦው በሙቀቱ ለስልሷል፤ ቀለሙ በአንድ ጎኑ ለቅቋል።

«ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የከረመ የፀሐይ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

ሳቅ አለና ሁለተኛ አመጣ። የተጻፈበትን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አነበበች፤ ከዚያ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ አሸተተች። «ሽቶ» አለችና መለሰችው። ሦስተኛው እጇ ላይ እንደ ቅቤ አበራ። «ይሄ ለደረቅ ፊት ነው። የዚችን የቆዳ ቀዳዳ ቢደፍንባት ሳምንት ሳይሞላ ብጉሯ ይፈላል። ዘይት የሌለው የለህም? ለፊት ብቻ የሚሆን?»

«አንድ አለ፤ ግን ማንም አይወደውም» አላት። «ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ወፍራም ነበር። ስታሸው አልሰረገም፤ ቆዳዋ ላይ ቀርቶ አመድ መሰለ። ሽታ የለውም፤ የመከላከያ ቁጥሩ ሃምሳ ይላል፤ ጊዜው አላለፈም። ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ነው። እላይ ተቀምጦ ፀሐዩን ይመልሳል፣ ቆዳሽን ብዙ አያስቆጣውም። ሌላው ሲሰርግ ያምራል፤ ላንቺ ፊት ግን አላምነውም። ወይዘሮ ዱቄት ሁለት ትሆናለች፣ ምን ይደረግ!»

እዚያው ከፍቼ ልቀባ ስል እጄን መታችኝ። «ኧረ ተይ! አሁን ቁስል ነሽ። መጀመሪያ ይዳን። ሲድንም ከጆሮሽ ሥር ትንሽ ቀብተሽ ጥቂት ቀን ጠብቂ። ካላሳከከሽ፣ ካልቀላ፣ ያኔ ፊትሽን። ስትቀቢ ደግሞ አትሰስቺ። የተሰሰተ ቅባት ወንፊት ነው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በፀሐይ በኩል እንዳትሆን ቦታ ተለዋወጥን። ከወልዲያ ቁልቁል ወደ ሜዳው ስንወርድ፣ ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ያን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀችኝ ነገረችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

አዲስ አበባ ስትማር ነው የጀመራት። ጉንጮቿ ላይ፣ አፍንጫዋን ተሻግሮ፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ቅላት ወጣባት። ብጉር ነው ብላ ያገኘችውን ሁሉ ቀባችው። ጣቶቿ አበጡ፣ ጸጉሯ ረገፈ፣ አልጋ ያዘች። ሐኪሞቹ ሉፐስ ይባላል አሏት። የራስሽ ደም ራስሽን የሚወጋ በሽታ ነው፤ አይተላለፍም፣ ፈጽሞ ግን አይለቅም፤ ፀሐይ ደግሞ እንደ ክብሪት ነው አሏት። የወባ ክኒን ዘመድ የሆነ መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች። ቆቦ ወባ ስለሚበዛ ክኒን ስትውጥ የሚጠይቃት የለም።

«እና መስክ ትወጫለሽ?» አልኳት።

«ካልወጣሁ ሥራውን ልቀቂ ይሉኛል። እናቴን የማኖር እኔ ነኝ።»

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«ወላሂ አታውቅም። ብጉር ነው ብያታለሁ። ማንም አያውቅም፤ አሁን አንቺ ብቻ።»

ፊቴ በወራት ዳነ። ዱካው ግን ቆየ፤ ከዱካው ይልቅ ደግሞ ያ ጥያቄ ቆየብኝ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ ጣቶቼን አጥፌ እዘረጋ ነበር። ስበጠር የሚወጣውን ጸጉር አያለሁ። ቅባቱንም እንደ እሷ እቀባለሁ፤ ደመና ሲሆን እንኳ። አብረን ስንሄድ ገበሬዎቹ ይስቁብናል። ሼህ ሰይድ የሚባሉ፣ ማሽላቸውን እንደ ልጅ የሚያሞካሹ ሽማግሌ «እናንተ ልጆች፣ ወፍጮ ቤት ተከራያችሁ እንዴ?» ይሉናል። ሰዓዳ «ሼህ ሰይድ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። እስካሁን የኖርኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

ሰዓዳ ፀሐዩን በሰዓት ትሸሸው ነበር። መስክ የምትወጣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ ከመስኩ ወጥታ ጥላ ውስጥ ትገባለች። አንድ ቀን ግን ኃላፊያችን የገበሬዎች ስብሰባ እስኪያልቅ ማንም እንዳይመለስ ብሎ አዘዘ። ከዋጃ ወደ ምሥራቅ ወጣ ያለ መንደር ነበር፤ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ተሻግረን ነው የሄድነው። ሲያልቅ ካሳሁን ቦርሳዎቻችንን በሞተሩ ጭኖ ቀደመን። እኛ በእግር ወንዙ ዳር ስንደርስ ወንዙ መጥቷል። እኛ ላይ ቁራጭ ደመና የለም፤ ዝናቡ የጣለው ከበስተምዕራብ ተራራው ላይ ነው። ቡናማ ደራሽ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ያገሳል።

ካሳሁን ማዶ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ የሚለው አይሰማም። ቅባታችን እሱ ጋ ነው። የማለዳው በላብ ታጥቧል። ከዚያ ነፋስ ተነሣ። በዚያ ሜዳ ላይ በቀትር የሚነሣው፣ አቧራውን አሽከርክሮ የሚሄደው ነፋስ። ባርኔጣዋን አንሥቶ ወሰደ፤ ጃንጥላዋንም ገልብጦ ከእጇ ነጠቃት። ስሮጥ ጎርፉ ላይ ወድቆ እንደ ጥቁር ወፍ ሲንሳፈፍ አየሁት።

ዞር ስል ሰዓዳ መሬት ላይ ተኮራምታለች። የማሽላው ቡቃያ ከጉልበት አያልፍም፤ መንደሩ ወደ ኋላ ርቋል፤ ግራሮቹ ያሉት ማዶ ነው። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ሸፈንኳት። ነጠላ ግን ነጠላ ነው፤ ፀሐዩ አልፎት ሲገባ በዓይኔ አየዋለሁ።

ከሥሩ «አትክፈቺው» ትለኛለች። «በአላህ አትክፈቺው።»

«አልከፍትም። ሰዓዳ፣ ይዤዋለሁ።»

እሷ የምታነበንበው ቁርኣን ነው፤ እኔ የምጠራው ማርያምን ነው። ሁለታችንም የምንለምነው አንድ ደመና ነው። ሼህ ሰይድም ውሃው እስኪጎድል ይጠብቁ ነበርና ነገሩን አይተው መጡ።

«ምን ሆነች?»

«ምች ፈርታ ነው» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ምችማ ማንን ይምራል» ብለው ወፍራሙን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። በትራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ፤ አንዱን ጫፍ በትሩ ላይ አሰሩ፣ ሌላውን እሳቸው ያዙ፣ እኔም ያዝኩ። ፀሐዩ ሲዞር እኛም እንዞራለን። ሽማግሌው በባዶ ራሳቸው፣ ላባቸው ከጺማቸው እየተንጠባጠበ ቆሙ። ወንዙ ያሻገረን ፀሐዩ ወደ ተራራው ሲያዘቀዝቅ ነው። ሰዓዳን ሳነሣት እጆቿ ጀርባ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል። አየችው። እጅጌዋን ጎትታ ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አሁንም በሕልሜ አያቸዋለሁ። የተከራየችውን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ጋርጄ አስታመምኳት። ትኩሳቷ ወረድ ብሎ ይነሣል። ጣቶቿ አብጠው ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፤ ልብሷን እኔ አለብሳታለሁ፣ በማንኪያ አጎርሳታለሁ። ያ ቢራቢሮ ጉንጯ ላይ ተመልሶ መጣ። ስታቃስት የምትሞትብኝ ይመስለኛል፤ ዝም ስትል የሞተች ይመስለኛል። ሐኪም ቤት ወስደን መድኃኒቷን ጨመሩላት። «መሥሪያ ቤት ወባ ነው በያቸው፤ እናቴ ጋ ደግሞ ሥራ በዝቶባት ነው በይ» ትለኛለች። አልኩ።

ስትመለስ ግን ወሬ ቀድሟት ጠበቃት። በዚያ ዘመን ሰው ከሳ፣ ጸጉሩ ሳሳ፣ ፊቱ ላይ ነገር ወጣ ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ስሙን ማንም አይጠራውም፤ «ያ በሽታ» ይሉታል። ሻይ የምታፈላው ሴት የሰዓዳን ብርጭቆ ለብቻ አደረገችው። ከእኔም ራቅ ብለው የሚቀመጡ መጡ። ፈራሁ፤ ለእሷም ለራሴም።

በስብሰባ መሃል ኃላፊያችን መስክ ስላልወጡ ሠራተኞች ሲናገር ዓይኑን ሰዓዳ ላይ ተከለ። «ሌላው ገበሬ መሃል ፀሐይ ሲመታው ይውላል። አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ተለቅልቆ ለመልኩ ይሳሳል» አለ። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር።

ሰዓዳ ተነሣች። ወጣች። የግቢው ቧንቧ ሲከፈት ሰማን። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ ታጥቧል፤ ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። ያለ ነጭ ቅባት እኔ እንኳ ያየኋት በሕመሟ ብቻ ነው። ቅላቱ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ፣ ጥቁር ጠባሳው በዳር በዳሩ።

«የምለቀለቀው ይሄን ነው» አለች። «ሉፐስ ይባላል። የምትሉት በሽታ አይደለም፤ ቢሆንም ኖሮ ብርጭቆዬ አይገድላችሁም ነበር። ፀሐይ ያባብሰዋል፤ ሊገድለኝ ይችላል። ሥራዬን ስለምፈልግ ደበቅኋችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጎብዬ፣ እናቴ ጆሮ እንዳይደርስ።»

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ሌላ ሆኖ።

«ስለፈራሁ።»

ካሳሁን ተነሥቶ ሄደ። ለብቻው ከተቀመጠው የሰዓዳ ብርጭቆ የተረፈውን ቀዝቃዛ ሻይ አንሥቶ ጨለጠውና ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ነገር የማያካብድ ሰው ነው ብያችኋለሁ።

ከዚያ ወዲያ የምርጥ ዘር ማከፋፈያውና ሥልጠናው ለእሷ ሆነ። መስክ ብትወጣ ማለዳ ብቻ ነው። እኔ ከዓመታት በኋላ ተዛውሬ ሄድኩ፤ እሷ እዚያው ቆየች። ስንደዋወል «ደኅና ነሽ?» ከማለቷ በፊት «ፊትሽስ?» ትለኛለች። ባለፈው ክረምት እግሯ እንዳበጠ ነገረችኝ። «ፀሐይ ነካሽ?» ስላት «አይ፣ አሁን ከውስጥ ነው» አለች። ገባኝ፤ ስለገባኝ ወሬ አስለወጥኳት።

ለቅሶ ልደርስ ጎብዬ ሄድኩ። እናቷ እማማ ሐዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«አንቺ ነሽ ያስታመምሻት፤ ያኔ ቆቦ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «መታመሟን ያውቁ ነበር? ማን ነገረዎት?»

«አዲስ አበባ አብራት የተማረች የእህቴ ልጅ ናት። ገና ያኔ፣ ሳትመረቅ ነግራኛለች። ብጉር ነው እማዬ ስትለኝ፣ እሺ ልጄ ብጉር ነው እላለሁ። ማወቄን ብታውቅ የእኔ ፍርሃት በእሷ ላይ ይጨመርባታል። ደግሞ መድኃኒቷን የምትውጠው፣ የምትከናነበው፣ ለእኔ ስትል ነው። ዝም አልኩ።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አብረን ስንሄድ ግን በፀሐዩ በኩል የምሆነው እኔ ነበርኩ። ገበያ ስንሄድም፣ ስንመለስም። እማዬ ምን ሆነሽ ነው ቀኝ ግራ የምትይ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ እንጂ ትለኝ ነበር።»

ልሄድ ስነሣ «አይሆንም፣ እሸኝሻለሁ» ብለው ተነሡ። ወደ አስፋልቱ የሚወስደው መንገድ ረዥም አይደለም፤ ጥላ ግን የለውም። ጥቂት እንደሄድን እማማ ሐዋ ክንዴን ለቀቁ፤ በኋላዬ ዞረው ፀሐዩ ወዳለበት ጎኔ መጡ፤ ነጠላቸውንም ከፍ አድርገው ያዙት።